ትንሽ ሆና እንድትቀር

ሚርዮንግ ባሚ የምትባለውን ውሻዋን የገዛቻት በቅናት ነው። ከእሷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩት እትዬ ሱንኦክ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ኮንጊ የምትባል ነጭ ውሻ አለቻቸው። አሳንሰር ውስጥ ኮንጊን ያየ ሁሉ ይቅለሰለሳል። አጠገባቸው የቆመችውን ሚርዮንግን ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። እሷም እርር ድብን ትላለች።

ሻጩ ባሚን ሲያስረክባት፣ "ከዚህ አታድግም፤ ብቻ ምግቧን ቆጠብ ያድርጉ" ብሏት ነበር። ባሚ ግን ማን ከልክሏት፣ አደገች። ሚርዮንግም ምግቡን ቀነሰች፤ ደግማ ቀነሰች። ውሻዋ ባዶውን ሳህን ልሳ ልሳ ቀና ስትልባት፣ "በቃሽ እንግዲህ፣ በሬ ልትሆኚብኝ ነው?" ትላታለች። ጭካኔ መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። ኮንጊ አሁንም ክብደት እንዳልጨመረች በሰማች ቁጥር ግን የባሰ ትጨክናለች።

ኮንጊ ዓመት ሲሞላት እትዬ ሱንኦክ ልክ እንደ ልጅ ደገሱላት። ምንጣፉ ላይ የክር ጥቅል፣ ኳስና የዶሮ አሻንጉሊት ተደረደረ፤ እንደ አገሩ ልማድ ያነሳችው ዕጣዋ ይሆናል። ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ደቅኗል። ሚርዮንግም ባሚን ይዛ መጣች፤ የጎን አጥንቷ እንዳይታይ ሰፊ ቀሚስ አልብሳታለች።

"ክሩን አንሺ፣ የኔ እናት" አሉ እትዬ ሱንኦክ። ክር ረጅም ዕድሜ ነው።

ኮንጊ ጥቂት እንደሄደች ተንገዳገደች። ከዚያ በጎኗ ወድቃ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

"ውይ ስታሳዝን፣ ዳንስ አማራት" ብላ አንዷ እንግዳ ሳቀች።

እትዬ ሱንኦክ አልሳቁም። ከኪሳቸው የማር ብልቃጥ አውጥተው ድዷን በጣታቸው ቀቧት፤ እስክትረጋጋም ደረታቸው ላይ አቀፏት።

"ሆዷ ትንሽ ባዶ ከሆነ እንዲህ ያደርጋታል" አሉ። "የአናቷም አጥንት አልገጠመም። ሲሸጡልኝ 'ትንሽ ናት' አሉኝ እንጂ በሽተኛ ናት ያለኝ የለም። እኔም ገዛሁ፤ ሻጮቹ እንዲያድጉ የማይፈልጉት እንደኔ ያለ ገዢ ስላለ ነው። ያንቺን ጤነኛ ውሻ ሳይ እንዴት እንደምቀና ብታውቂ፣ ሚርዮንግ።"

ሚርዮንግ ዓመት ሙሉ የተቃጠለችው ለዚህ ኖሯል። ሐፍረቷን ሳትጨርስ ባሚ ከጭኗ ሾልካ ወረደች፤ ሮጣም የእትዬ ሱንኦክን ማር የነካ ጣት ትልስ ጀመር። አሮጊቷም ሊደባብሷት ሌላ እጃቸውን ከባሚ ቀሚስ ሥር አስገቡ። እጃቸው የጎን አጥንቷ ላይ ቆመ።

"ምንድን ነው የምታበያት?"

"የሚበቃትን ነዋ፣ እትዬ።"

እትዬ ሱንኦክ ከእንግዶቹ ሳህን የተቀቀለ ስኳር ድንች አንስተው ቆረሱላት። ባሚ ሳታኝክ ዋጠችው።

"ባሚ፣ ነይ" አለች ሚርዮንግ። እጇን ዘረጋች። "ነይ ወደ እናትሽ።"

የባሚ ጆሮ ቀጥ አለ። ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ተመልሳ ከአሮጊቷ እግር ሥር ተኛች።

ሚርዮንግ የዚያን ቀን ያህል ቀንታ አታውቅም።