ለአሴምብለር ስህተት የተላከ ሽማግሌ

ሌላ መሥሪያ ቤት ስህተት ሲገኝ ያርመዋል። ለንደን፣ ዌምብሊ ያለው የእኛው ግን ያከብረዋል።

የምንሠራው በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር የብሬክ ሶፍትዌር ነው። ብሬኩ መያዙን የሚፈትሸውን ኮድ ድሮ የጻፉት አለቃችን ጋሽ ሳህሉ ናቸው፤ መሐሉ ላይ ለማሽኑ በሚቀርበው በአሴምብሊ ቋንቋ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው የድሮው ኮምፓይለር ያሳልፋታል፤ አዲሱ ግን "የቁጥሩ መጠን አይገጥምም" ብሎ እምቢ ይላል። መድኃኒቱስ? ባልደረባዬ ባዩ፣ ያ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ጀግና፣ የድሮውን መልሶ ይጭናል። "ጋሼን ተሳስተዋል ልበላቸው እንዴ?" ይላል።

እኔ አላስቻለኝም። መስመሯን አስተካከልኳት፤ በአዲሱም በድሮውም ያለ ስህተት አለፈች። ፍተሻው ራሱ ግን "ብሬኩ አልያዘም" አለ። ለካስ እስከ ዛሬ የፍጥነቱን ቁጥር ግማሹን ብቻ እያነበበ "ደህና ነው" ሲለን ኖሯል! ወንበሩ ቁልቁለት ላይ ከፈጠነ አይቆምም። ርክክቡ ደግሞ ዓርብ ነው፤ የሚቀመጡበትም መራመድ የማይችሉ ሰዎች ናቸው።

ጋሽ ሳህሉ "ደህናውን ነካክተሽ አበላሸሽው" ብለውኝ አኮረፉ። ቀጥሎ ምን መጣ? ሽማግሌ! ባልና ሚስት ማስታረቅ የለመዱት አቶ እንግዳወርቅ ከስቶክዌል ድረስ መጥተው ስብሰባ ክፍላችን ውስጥ ተሰየሙ።

"ሶልያና ልጄ፣ ታላቅ ይከበራል። አንቺ ይቅርታ ጠይቂ፣ ኮዱም ወደ ነበረበት ይመለስ። ዓርብ ዴሊቨር ይደረግና ሌላውን በኋላ ትነጋገሩበታላችሁ።"

ባዩ "ትክክል" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መነቅነቅ ሲችልበት!

ደሜ ፈላ። ጥግ የቆመውን የመሞከሪያ ወንበር ገፍቼ ጋሽ ሳህሉ ፊት አቆምኩት።

"እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ጋሼ። መጀመሪያ ግን እርስዎ ተቀምጠውበት የመኪና ማቆሚያውን ቁልቁለት ይውረዱልኝ። ፍተሻዎ ደህና ነው ብሎ የለ?"

ጋሽ ሳህሉ ወንበሩን አዩት።

"ጉልበቴን እያመመኝ ነው" አሉ።

"ለጉልበትማ የተሠራ ነው፣ ይቀመጡ እንጂ።"

አቶ እንግዳወርቅ ነገሩ ገባቸው መሰለኝ ወደ ወዳጃቸው ዞሩ። "ሳህሉ፣ ለምን አትቀመጥም?"

ጋሽ ሳህሉ ቆመው መነጽራቸውን ጠረጉና "ባዩ፣ ዓርብ እንደማንደርስ ለደንበኞቹ ደውለህ ንገራቸው" አሉ።

እኔን ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም።