የጋሼ ምሳው ደጋን

ዓይናዲስ የሰቆጣውን የቴሌግራም ገበያ የከፈተችው ወንበር ፍለጋ ነበር። ስልኩን፣ ምንጣፉን፣ ያገለገለውን ፍሪጅ እያለፈች ስትወርድ አንድ ፎቶ ላይ ጣቷ ቆመ። ጥቁር ደጋን ነው፤ የብረት በር ላይ ተደግፏል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር አለው። ከሥሩ «ኮምፓውንድ ደጋን። ያገለገለ፣ ከነቀስቶቹ። አስከተማ፣ ምሳው» ይላል።

ሌላ ሰው ቢያየው ምንነቱንም አይለየው ይሆናል። እሷ ግን አወቀችው። ሚያዝያ ላይ ደሴ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች የስፖርት ውድድር ቼዝ ልትጫወት ሄዳ ነበር። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዛትም፤ የምትሄደው በሁለት ክራንች ነው። ተማሪ እያለች በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሌሎቹን ልጆች ሹራብ ታቅፋ የምትቀመጥ እሷ ነበረች። ደሴ ላይ ግን አንዲት አሰልጣኝ ወንበር ላይ አስቀምጣ የእንጨት ደጋን አስያዘቻትና ቀስት መወርወር አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ከወንበሩ የሚያስነሳት ጠፋ፤ ቼዙንም ረሳችው። አሰልጣኟ ስትሰናበታት፣ «አንቺን የሚያዋጣሽ ባለመዘውሩ ነው። ግን ከየት ይመጣል?» አለቻት።

እነሆ አስከተማ ተገኘ። ከሰቆጣ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም።

ደወለች፤ ዋጋውን ተስማሙ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ጋዝጊብላ ወረዳ፣ ወደ አስከተማ ወጣች። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። የምሳው የብረታ ብረት ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። በሩ ላይ አንዲት ሴት ጥጥ እየፈተለች ተቀምጣለች፤ የምሳው ሚስት ሸጌ ናት። ዓይናዲስን ስታይ በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ወደ ውስጥ ተጣራች፤ አንድ ጠይም፣ ጸጉሩ ገባ ያለ ሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም።

ሰዎች መጀመሪያ ክራንቿን፣ ቀጥለው ፊቷን እንደሚያዩ ዓይናዲስ ለምዳዋለች። መልሷንም አዘጋጅታ ነበር። ምሳው ግን ስለ እግሯ ምንም አልጠየቃትም።

«እስቲ ክንድሽን ዘርጊ» አላት። በሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካትና ራሱን ነቀነቀ። «ርዝመቱ ይሆንሻል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እሱ ባይሆን ጉድ ነበር።»

ደጋኑን ከተሰቀለበት አውርዶ እያሳያት ታሪኩን ነገራት። ዮርዳኖስ ውስጥ የአንድ ስፖርት ክለብ ጥበቃ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ሳሚራ የምትባል የቀስት አሰልጣኝ ማታ ማታ ቆሞ ሲያይ ታዘበችውና አስተማረችው። ሊመለስ ሲል የራሷን አሮጌ ደጋን ሰጠችው። አገሩ ገብቶ ይህን ቤት ከፈተ፤ የብረት መቁረጫው ማሽን ጣቶቹን እስኪወስድበት ድረስም ከቤቱ ጀርባ እሁድ እሁድ ይተኩስ ነበር።

«አሁን እጄ መጨበጥ እምቢ አለኝ። ተሰቅሎ ሳየው ደግሞ ያሳዝነኛል። ለሚተኩስበት ይሁን አልኩ።»

ዱካ አስቀመጠላት። መልቀቂያውን፣ ማለት አውታሩን ነክሶ የሚይዘውን ትንሽ ብረት፣ በማሰሪያው የእጇ አንጓ ላይ አሰረላት። «ከብዶሽ እንደሆነ ተይው፤ አላላልሻለሁ። ብቻ ቀስት ሳይኖርበት እንዳትለቂው፤ ይሰበራል። ቀስ ብለሽ ትስቢያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትመልሻለሽ።»

ዓይናዲስ ሳበች። መጀመሪያ ከበዳት፤ ከዚያ መዘውሮቹ ዞሩና ድንገት ቀለለ፤ እጇ አገጯ ሥር ደርሶ ጸጥ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰውነቷን በክራንች ተሸክመው ዳገት ቁልቁለቱን ያስኬዷት ትከሻዎች ለዚህ ሥራ የተሠሩ ይመስሉ ነበር። ምሳው አፉን በእጁ ያዘ።

«ሸጌ! ኧረ ነይና እዪ! እኔ ይህን ለመሳብ ስንት ጊዜ ፈጅቶብኝ ነበር!»

ዓይናዲስ ሳቀች። አውታሩን ቀስ ብላ ስትመልስ ግን ከደጋኑ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ። የምሳው ፊት ወዲያው ተለወጠ። ደጋኑን ተቀበላት፤ ሚስቱ ከምትፈትለው ጥጥ ቆንጠር አድርጎ በደጋኑ የላይኛው ክንድ፣ ማለት በሚታጠፈው ግማሹ ላይ፣ ከመያዣው ወደ መዘውሩ አቅጣጫ አሻሸው። ጥጡ ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተና አንድ ቦታ ላይ ተያዘ። ብናኙ እዚያው ቀረ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች።

«አልሸጥልሽም» አለ ምሳው።

«ጋሼ፣ በጣም ትንሽ እኮ ናት። እኔ በጥንቃቄ...»

«እንኳን ላንቺ፣ ለጠላቴም አልሸጠው። ይህ ፊትሽ ላይ ቢፈነዳ ዓይንሽን ነው የሚወስደው። ፎቶውን ከመለጠፌ በፊት ማየት ነበረብኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ሸጌ ጠላ ቀዳችላት፤ ቆሎም አቀረበች። ስትነሳ ምሳው መልቀቂያውን ከአንጓዋ አላስፈታትም።

«እሱ ካንቺ ጋር ይሂድ። ይህችን ገመድ ደግሞ ቋጥሬልሻለሁ፤ በሳብሽው ልክ ናት። አንዱን ጫፍ ግራ እጅሽ ላይ ታጠልቂያለሽ፣ ሌላውን በመልቀቂያው ትስቢያለሽ፤ እንደምትተኩሺ ሆነሽ ትለቂያለሽ። እጅሽ ከወዲሁ ይልመደው።»

«ደጋን ሳይኖረኝ?»

«ደጋኑን ለኔ ተይው።»

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ሰው የሌለውን ነገር ተስፋ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ ይህንንም እንደዚያው ቆጠረችው። ቢሆንም ገመዱን አልጣለችውም። ክረምቱን ሙሉ ከቢሮ ስትመለስ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ግድግዳው ላይ ባጣበቀችው ክብ ወረቀት ትይዩ ትቀመጣለች፤ ገመዱን ትወጥራለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ትለቃለች። እናቷ መጀመሪያ አማተቡ። በኋላ ግን እሳቸውም «ትከሻሽ ከፍ ብሏል» እያሉ ያርሟት ጀመር።

ከመስቀል በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«ዓይናዲስ፣ ምሳው ነኝ። ክንዶቹ መጥተዋል።»

«የምን ክንዶች?»

«የደጋኑ ናቸዋ!»

ለሳሚራ የስንጥቁን ፎቶ ልኮላት ኖሯል። እሷም ክለቡ ካስቀመጣቸው ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል ለዚያው ዓይነት ደጋን የሚሆኑ ጥንድ ክንዶች ፈልጋ፣ አዲስ አውታርም ጨምራ፣ ባንቺ በምትባል የሰቆጣ ልጅ እጅ ላከችለት። ባንቺ እዚያው ዮርዳኖስ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ወደ አገሯ የምትመለስ ናት። ከሻንጣዋ የራሷን ጫማዎች አውጥታ ለዕቃው ቦታ እንደለቀቀችለት ዓይናዲስ የሰማችው በኋላ ነው።

ያን ቅዳሜ አስከተማ ስትደርስ ምሳው ደጋኑን ለመፍታት የሚያገለግል መጭመቂያ ከመኪና ክሪክና ከቁርጥራጭ ብረት በይዶ ጨርሷል። አውታሩ እንደተወጠረ ከተፈታ ሰው እንደሚጎዳ ነግሮ ራቅ አድርጎ አስቀመጣት። ክሪኩን በግራ እጁ እያዞረ ደጋኑን አጠፈው፤ አሮጌዎቹን ክንዶች አውጥቶ አዲሶቹን ገጠመ። አንዱን ብሎን ሦስት ጣቶቹ አልይዝ ሲሉት ዓይናዲስ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጎኑ ተቀመጠችና ያዘችለት። ሲጨርስ ሸጌ ሳይጠራት ጥጥ ይዛ መጣች። ጥጡ በሁለቱ ክንዶች በአራቱም ፊት ያለምንም መሰናክል ተንሸራተተ።

ከቤቱ ጀርባ፣ እርከኑ ሥር፣ ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል። ዓይናዲስ ዱካው ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ቀስት ከማዳበሪያዎቹ በላይ አልፋ አፈሩ ውስጥ ተሰካች።

«ቸኮልሽ» አለ ምሳው። «ቤትሽ ገመዷን የምትስቢ አድርገሽ አስቢው።»

ሁለተኛዋን ስትለቅ ጭዱ ጡፍ አለ። ሦስተኛዋ ከጎኗ ገባች። ዘወር ስትል ምሳው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ?»

«ያን ድምፅ መልሼ የምሰማ አልመሰለኝም ነበር፤ ማመስገንስ ያለብኝ እኔ ነኝ» አላትና በዚያው ስልኩን አውጥቶ ለሳሚራ ደወለላት። ፊቷ ስልኩ ላይ ሲመጣ ዓይናዲስ በአማርኛ መረቀቻት፤ እናቷ እንደሚያደርጉት እጇን ዘርግታ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽ ይባረኩልሽ እያለች። ሳሚራ በዓረብኛ መለሰች። ምሳው ሁለቱንም እየተረጎመ መሐል ላይ ግራ ይገባውና ለሳሚራ በአማርኛ፣ ለዓይናዲስ በዓረብኛ ይናገራል። ሸጌ በሳቅ ሞተች።

ዋጋውን ስትከፍለው ክንዶቹ የመጡት በነፃ ስለሆነ አልጨምርም ብሎ በፊት የተስማሙበትን ብቻ ተቀበለ። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ዕቃውን ጣሪያ ላይ ልስቀለው ቢላት እምቢ ብላ ሰቆጣ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባንቺን ቤቷ ድረስ ሄዳ አመሰገነቻት።

በዓመቱ ደሴ ላይ ዓይናዲስ ቀስት ልትወዳደር ቀረበች። አላሸነፈችም፤ አራተኛ ወጣች። ያችው አሰልጣኝ ግን ደጋኑን አገላብጣ እያየች «ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተካከለልሽ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ዓይናዲስም የምሳውን ስም ከነአገሩ ነገረቻት። ከሜዳው ሳትወጣ አስከተማ ደወለች። ያነሳችው ሸጌ ነበረች።

«እትዬ፣ አራተኛ ወጣሁ!»

«አራተኛ? ከስንት ሰው?»

ዓይናዲስ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የሸጌ እልልታ ቀደማት። ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ከኋላ ደግሞ ምሳው «ስጪኝ እንጂ! አንቺ ሴት፣ ስልኩን ስጪኝ!» ሲል ይሰማ ነበር።