ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሰዓት

ሰኔ ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የኢየሩስ ስልክ ጠራ። ያን ሰዓት ከእናቷ ጋር ቱርክ አገር፣ ኩሻዳሲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ዳገት ላይ በተሠራ ርካሽ ሆቴል ውስጥ ነበረች። ዋይፋዩ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አቅም ስለሌለው፣ ስልኩን ማየት የፈለገ እንግዳ ሁሉ ወደ መቀበያው ይወርዳል። እሷም ወርዳ ስፖንጁ የጎደጎደ ሶፋ ላይ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። የደወለው ታላቅ ወንድሟ ዮፍታሄ ነው፣ ከካልጋሪ። እዚያ ገና ሰኞ ማታ ነው።

"እማዬ አጠገብሽ ናት?"

"ላይ ናት፣ እየጸለየች። ምነው?"

"ስፒከር ላይ እንዳታደርጊው። እትዬ ሸዋ አርፋለች።"

ሸዋወርቅ የእናታቸው የወለተማርያም ታናሽ እህት ናት። ከወንድምና ከእህት ለወለተማርያም የቀረቻት እሷ ብቻ ነበረች። ጉለሌ፣ አባታቸው በሠሩት ቤት ትኖር ነበር። በተኛችበት ነው ያለፈችው፤ የጎረቤት ልጅ ዳቦ ይዛላት ብትመጣ በሩን የሚከፍት ጠፋ። ልጇ ከድሬዳዋ እስኪገባ ተብሎ ቀብሩ ለነገ፣ ለሮብ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል።

"ከጋሼ መርዕድ ጋር ተነጋግሬያለሁ" አለ ዮፍታሄ። "ዓርብ ትገባላችሁ አይደል? ቅዳሜ ጠዋት እቤት መጥተው ያረዷታል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ኢየሩስ ሻዩን አስቀመጠች። አእምሮዋ ቀድሞ የሄደው ወደ ካርታው ነው።

"ዮፊ፣ ሊሰን። እኛ እኮ አሁን ካልጋሪ አይደለንም። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ ዳይሬክት ፍላይት አለ። ዛሬ ማታ ብንነሳ ነገ ጠዋት እንገባለን። ለቀብሩ ትደርሳለች።"

"ማን ነው የሚነግራት?"

"እኔ ነኛ።"

"ብቻሽን? ሆቴል ውስጥ? ብትወድቅብሽስ? ፕሬዠሯን እያወቅሽ? የአያታችንን ጊዜ ረሳሽው?"

አልረሳችውም። ያኔ ኢየሩስ ሃይስኩል ነበረች። ወለተማርያም የጽዳት ሺፍቷን ጨርሳ፣ በዚያ በጥር ብርድ ሰፈራቸው ፓይንሪጅ ባስ ስቶፕ ላይ ቆማ ሳለ፣ አንድ ቶሮንቶ የሚኖር ዘመድ ደውሎ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አላት። የተረዳች መስሎት ነው። አባቷ መሞታቸውን የሰማችው በዚህ ነው። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ ሌላውም መጥቶ ሄደ፣ እሷ አልተሳፈረችም። በመጨረሻ አንድ ጥምጥም ያሰረ የሕንድ ሾፌር ወርዶ በክንዷ ይዞ አስገባት። ሰውየው አውቶቡሱን አቁሞ ሲያባብላት ተሳፋሪው ሁሉ ያያት ነበር፤ የዘላለም ቁጭቷ እሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ልጆቿን በየአጋጣሚው እንዳስጠነቀቀቻቸው ነው፦ "እኔን በስልክ አታርዱኝ። ወገን ተሰብስቦ ይንገረኝ።"

ዮፍታሄ ጋሼ መርዕድን መስመሩ ላይ ጨመራቸው። ጋሼ መርዕድ በካልጋሪ ሐበሻ ዘንድ መርዶ ነጋሪ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ድምፃቸው ስለሚረጋ ሰው ሁሉ ወደሳቸው ይሄዳል።

"ልጄ ኢየሩስ" አሉ፣ "ያሰብሽው ከደግ ልብ ነው። ግን ሰው በሌለበት፣ በሰው አገር ሆቴል መርዶ አይነገርም። ማን ደግፎ ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? አልቅሳ ሳይወጣላት አውሮፕላን ላይ ልትሰቅያት?"

"ቀብሩ ግን ጋሼ..."

"ቀብሩን እዚያ ያሉት ይቀብራሉ። አንቺ እናትሽን በደህና አምጪልን።"

"እሺ ጋሼ" አለች።

የቀረው የዋይፋዩ ጉዳይ ነው። ቱርክና አዲስ አበባ ሰዓታቸው እኩል መሆኑን ወለተማርያም የሰማች ቀን እንደ ልጅ ነበር የፈነደቀችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካልጋሪ ሆና እህቷን ለማግኘት ዘጠኝ ሰዓት ስትደምር ስትቀንስ፣ ከእንቅልፍ ስታስነሳት ወይ ስታስመሻት ኖራለች። እዚህ ግን ከመጡ ጀምሮ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወርዳ ትደውላለች፤ ሸዋወርቅም ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ታነሳለች። ትናንት ጠዋት በቪዲዮ ባሕሩን ልታሳያት ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

"አየሽው ባሕሩን?"

"የታል?" ነበር ያለችው ሸዋወርቅ። "እኔ የሚታየኝ የተሰጣ ሱሪ ነው። ይህን ለማየት ነው ያን ያህል አገር ያቆራረጥሽው?"

"ከሱሪው ኋላ ነው! ሰማያዊውን እዪው!"

"ሱሪውም ሰማያዊ ነው፣ ወለቴ።" ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አሁን ለሁለት ሰዓት ጥቂት ነው የቀረው። ኢየሩስ የሆቴሉ ባለቤት ጀማል ወደቆመበት ባንኮኒ ሄደች። ጀማል እንግሊዝኛው የተሰባበረ፣ ቀኑን ሙሉ ሻይ የሚያድል ወፍራም ሰው ነው። ዋይፋዩን ለእናቷ ተበላሽቷል እንዲልላት ጠየቀችው።

"አልተበላሸም!" አለ ቅር ብሎት። "ታች በጣም ጥሩ ነው።"

ነገሩን አስረዳችው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ቀብሩ መቼ ነው?"

"ነገ።"

"ታዲያ ሂዱ እንጂ! ወደ ኢዝሚር ኤርፖርት ባስ አለ። በስምንት ሰዓት ከዚህ ከተነሳችሁ የማታውን ትደርሳላችሁ። እኔ ራሴ ቦርሳችሁን አወርዳለሁ።"

"እኛ ጋ እንደዚህ አይደለም የሚነገረው" አለችው። እንዴት እንደሆነ ግን በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ ቃል አጣች።

ጀማል አላከራከራትም። ጎንበስ ብሎ የዋይፋዩን ሳጥን ከሶኬቱ ነቀለው። የሆቴሉ ዋይፋይ በሙሉ ጠፋ፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ ጀርመኖች ቀና ቀና አሉ።

ወለተማርያም ነጠላዋን ተከናንባ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ወረደች። የሰኔ ጾም የገባው ትናንት ነበርና ቁርስ አትበላም፤ ግን ከክፍሉ ጋር የታሰበ ነው እያለች ዳቦውንና ወይራውን ለስድስት ሰዓት በሶፍት ትጠቀልለዋለች። ስልኳን ነካካች፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ መለሰችው።

"ምን ሆኗል?"

"ዋይፋዩ ተበላሽቷል እማዬ።"

"የሰውዬው ስልክስ?" ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቤት ስልክ እያሳየች፣ "ጀማል! ቴሌፎን? አዲስ አበባ?"

ጀማል ኢየሩስን አየ፣ ከዚያ ስልኩን አየ። "ኖ" አለ። "ተበላሽቷል።"

"እንዴ! በዚህ ሆቴል የሚሠራ ነገር ምን አለ?" አለች ወለተማርያም በአማርኛ። ከዚያ ሰውየው አሳዘናትና እንደሚያባብል ሰው ፈገግ አለችለት። "ምስኪን። ገቢው ቀንሶ ይሆናል እኮ። ይሁን፣ ነገ እደውልላታለሁ።"

ከዚያ ወደመጡበት ጉዳይ ሄዱ። እመቤታችን ኖራበታለች የሚባለው ቤት ኤፌሶን አጠገብ፣ ከተራራ ላይ ነው። ወለተማርያም ስለዚህ ቤት በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዘንድ ከሰማች ጀምሮ፣ ጡረታ ስትወጣ ልትሄድ ተስላ ነበር። ትንሽ የድንጋይ ቤት ናት። ቀስ ብላ ገብታ፣ ቀስ ብላ ወጣች። ሻማ ስታበራ አንዱን "ለሸዋ ጤና" አለች፣ ኢየሩስ እየሰማች። ከታች ካለው ምንጭ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ቀዳች።

"አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለሸዋ ጉልበት። ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ። አደራ፣ እንዳይደፋ አንቺ ያዢው።"

ኢየሩስ ያዘችው። ከጥድ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ስለነበር ወለተማርያም ሶፍቱን ፈትታ ዳቦና ወይራ መብላት ጀመረች። ኢየሩስ ጠዋት ዋይፋዩ ሳይነቀል ያስቀመጠችውን የበረራ ገጽ ስልኳ ላይ ከፈተች። የማታው በረራ ቦታ ነበረው። ያለ ቪዛ ኢትዮጵያ የሚያስገባት የእናቷ ቢጫ ካርድ፣ እንደ ወትሮው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከመዝሙረ ዳዊቱ ጋር ነው። የሚጎድል ነገር የለም፤ የሚጎድለው አንድ አረፍተ ነገር ነው። ፊት ለፊታቸው ሰዎች ያልፋሉ፣ አስጎብኚዎች ባንዲራ ይዘው ይጮኻሉ። እናቷ እዚህ መሬት ላይ ስትወድቅ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከብቦ ሲያያት፣ አንዱም ካሜራ ሲያወጣ ታያት። ባስ ስቶፑም ታያት።

"ምን ሆነሻል? ፊትሽ ገርጥቷል" አለቻት እናቷ።

"ሆዴን ትንሽ።"

"ያ ጠዋት የበላሽው አይብ ነው። በጾማቸው በልተሽ ሐዋርያት ናቸው የቀጡሽ" ብላ ወይራ ሰጠቻት።

ሆቴሉ ሲመለሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ጀማል በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ወለተማርያም ጋደም ልበል ብላ ደረጃውን ወጣች። ኢየሩስ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ጀማል ሻይ አምጥቶ ከፊቷ አስቀመጠላት፣ የሄደውን ባስ ግን አላነሳባትም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወለተማርያም ባሕሩ ዳር እግሯን ውሃው ውስጥ ከትታ ተቀምጣ ነበር። "ሸዋ ይህን ብታይ፣ ጫማሽን እንዳይወስድብሽ ነበር የምትለኝ" አለች። ኢየሩስ ጫማዋን አንስታ ያዘችላት።

ዋይፋዩ እስከ መጨረሻው "ተበላሽቶ" ቀረ። ጀርመኖቹ ሐሙስ ዕለት ተቆጥተው ሌላ ሆቴል ገቡ። ሲሰነባበቱ ወለተማርያም ጀማልን ትከሻውን መታ መታ አድርጋ "አይዞህ፣ ይስተካከላል" አለችው። እሱም እጇን ይዞ ጎንበስ አለላት፤ ለእንግዳ ከሚጎነበሰው ዝቅ ያለ ነበር።

ዓርብ ማታ ፓይንሪጅ፣ ወለተማርያም ቤት ገቡ። ኢየሩስ ቤልትላይን ወደሚገኘው አፓርታማዋ አልሄደችም።

"ምነው ቤትሽን ጠላሽው?"

"ደክሞኛል፣ እዚሁ ልደር።"

ጋሼ መርዕድ የራሳቸው አሠራር አላቸው። ፀሐይ ሳትወጣ ይመጣሉ፤ መኪናቸውን በሩ ላይ ሳይሆን መታጠፊያው ጋ ፓርክ ያስደርጋሉ፣ ባለቤቱ በመስኮት አይቶ አስቀድሞ እንዳይደነግጥ። ነርሷን ደቦራን ከነፕሬዠር መለኪያዋ ይዘው ነው የሚዞሩት። ቅዳሜ ጠዋትም እንዲሁ አደረጉ። ያላሰቡት፣ ወለተማርያም የሰዓት ለውጡ እንቅልፍ ነስቷት ኩሽና ቆማ ሻንጣ እያራገፈች መሆኗን ነው። ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ባለው መስኮት፣ ከመታጠፊያው ወዲህ በዝምታ የሚመጡ ሰዎችን አየች። ማንም ሊያስረዳት አላስፈለገም። እሷ ራሷ ከጋሼ መርዕድ ጋር ስንት ጊዜ እዚያ መታጠፊያ ላይ ወርዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በዝምታ ሄዳለች።

ሳያንኳኩ ከፈተችላቸው።

"ማን ነው?" አለች።

"መጀመሪያ እንቀመጥ፣ ወለተማርያም።"

"ቆሜ እሰማለሁ። ማን ነው?"

"ሸዋወርቅ ናት" አሉ ጋሼ መርዕድ፣ በዚያ በረጋ ድምፃቸው።

አልወደቀችም። ዮፍታሄ በአንድ በኩል፣ ኢየሩስ በሌላው ይዘዋት ነበር፤ ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ፤ ደቦራ ውሃ አጠጣቻት። ሁሉም እንደሚገባው ሆነ። ፍራሽ መሬት ተነጠፈ፣ ተቀመጠች። ልቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ጠየቀች።

"መቼ ነው?"

"ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል" አሉ ጋሼ መርዕድ። "ሮብ በዘጠኝ ሰዓት፣ በክብር..."

"ማክሰኞ።" ወደ ኢየሩስ ዞረች። "ማክሰኞ እመቤታችን ቤት አልነበርንም?"

"አዎ እማዬ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ውሃውን ስቀዳላት?"

"አዎ።"

"ከዚያ አገር አዲስ አበባ በፕሌን ሩቅ ነው?"

ኢየሩስ ሳትመልስ ዮፍታሄ ጣልቃ ገባ። "እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ በስልክ አታርዱኝ ያልሽው።"

"በስልክ አትንገሩኝ ብያለሁ" አለች ወለተማርያም። ድምፅዋ አልጮኸም። "ይቺ ግን አጠገቤ አልነበረችም?"

ጋሼ መርዕድ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው አስቀመጡት። ደቦራ እጅጌዋን ሰብስባ መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረችላት፤ ማሽኑ እስኪነፋና እስኪተነፍስ ሁሉም እሱን ያዳምጥ ነበር። ደህና ነው አለች፣ ለሐዘንተኛ ደህና ነው።

ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። ኮርነርስቶን ካሉት የዮፍታሄ ጎረቤቶች ጀምሮ ቤቱ ሞላ፤ ኢየሩስ ሻይ ስትቀዳ፣ ወንበር ስታቀብል ዋለች። እናቷ ከሰው እኩል አናገረቻት፣ ውሃ አምጪልኝ፣ መስኮቱን ክፈችው አለቻት። ስለ ኩሻዳሲ ግን ከሁለቱም አንዳቸው ደግመው አላነሱም።

ሐምሌ ላይ ወለተማርያም ለአርባው አዲስ አበባ ሄደች። ኢየሩስ ፈቃድ ወስዳ አብሬሽ ልሂድ ብላት ነበር። ብቻዋን ሄደች፤ ኤርፖርት ያደረሳትም ዮፍታሄ ነው።