እስከ በሩ የመጣው ጊታር

«ከነገ ወዲያ ከሰዓት ሁላችንም ከሥራ ወጥተን እንመጣለን» አለች የሆስፒታሉ ዋና አዋላጅ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ። «ያን ጊዜ ጊታርህን ትጫወትልናለህ። እንቢ እንዳትለን ብቻ።»

መነጽር ሠሪው የያዘው ቴርሞስ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ።

«ጊታር እንደምነካ ማን ነገረዎት?»

«እሷ ናታ! ‹ወንድሜን ብትሰሙት፣ ወንድሜን ብትሰሙት› እያለች ስታደነቁረን አልነበር እንዴ? አንድ ቀን ዋርድ ይዤው እመጣለሁ ብላ ቃል ገብታልናለች። እንግዲህ እሷ ባትኖርም…» ሴትዮዋ ቃሏን ሳትጨርስ መሐረቧን ፍለጋ ቦርሳዋን መዳበስ ጀመረች።

እህቱ ከተቀበረች ገና አንድ ቀኗ ነው። የእህቱ ሳሎን ሞልቷል። ወንበሮቹ ከየጎረቤቱ የተለቃቀሙ ስለሆኑ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ለማንሾካሾክ ወይ ማጎንበስ ወይ መንጠራራት ነበረበት። መነጽር ሠሪው ሻይ ወደ መቅዳቱ ተመለሰ። ከሦስት ብርጭቆ ሁለቱን አፈሰሰ።

ዕድሜው አርባን አልፏል። ሥራው የመነጽር መስታወት መሞረድ ነው። መስታወቱ በፀጉር ስንጣቂ ከተዛነፈ ያደረገውን ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ ስለዚህ የተዛነፈውን ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ ጠባይ ለሥራው በጅቶታል። ችግሩ ጊታሩንም እንዲሁ መያዙ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የሙዚቃ መምህሩ በተማሪ ሁሉ ፊት «አንተ ልጅ፣ ጣትህ እንጨት ነው እንዴ?» አሉት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ እዚያው ረስተውት ይሆናል፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ታላቅ እህቱ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ በመጀመሪያ ደመወዟ ጊታር ገዝታ መጣች። «እንካ። ይሄም እንጨት ነው፤ ትግባባላችሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲገባ እስከ እራት ድረስ ጓዳ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ከሌላው ሁሉ የተለየች አንዲት ራሱ የፈጠራት፣ ስም ያላወጣላት ዜማ አለችው። መሃሏ ላይ ግራ እጁ ከጊታሩ አንገት ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታች መዝለል አለበት። እጁ በጊዜው አይደርስም። ይቆማል፤ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ ያቺ ቦታ አልስተካከል አለች። ስለዚህም ለሰው ተጫውቶ አያውቅም። እህቱ ከግድግዳው ወዲያ ካለው ቤቷ ሆና «ኧረ እዚህ መጥተህ ተጫወትልኝ!» ብላ ስትጮህ «ነገ» ይላታል። ይሄን ነገሩን ቆጥራ «አቶ ነገ» የሚል ስም አወጣችለት።

አሁን እነዚያ ሁሉ ሴቶች መጥተው ሊሰሙት ነው። ሰምተውም «ይሄን ነው እንዴ እንደዚያ ስታወራለት የኖረችው?» ሊሉ ነው። እሱ መዋረዱን ለምዶታል። እህቱ ግን ውሸታም ልትሆን ነው፤ ያውም ቀና ብላ መልስ በማትሰጥበት ጊዜ።

አንገቱን ሲያቀና ዓይኑ ከአማቹ ዓይን ጋር ገጠመ። አማቹ፣ የእህቱ ባል፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲበዛ ተጫዋች ሰው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ግን ለመነጽር ሠሪው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አሁንም ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ።

«ያውቃል» አለ መነጽር ሠሪው በልቡ።

እህቱ በልብ ሕመም ተኝታ በነበረችባቸው ሁለት ሳምንታት ሊጠይቃት በገባ ቁጥር «ጊታሩስ?» ትለው ነበር። «ያቺን ቦታ ላስተካክልና» ይላታል። ረቡዕ ዕለት እንደ ምንም ራሱን አደፋፍሮ ጊታሩን አንግቶ ወጣ። ሆስፒታሉ በር ደረሰ። ዘበኛው «ዛሬ ደግሞ ሙዚቃ ሊኖረን ነው!» ብሎ ሲስቅለት፣ ክፍሏ ውስጥ ያሉት ስድስት አልጋዎች፣ ጠያቂው፣ ነርሶቹ ሁሉ በዓይኑ ላይ መጡ። «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ዞረ። መንገዱን ተሻግሮ ወደ ኋላው ሲያይ አማቹ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ቆሟል። ሐሙስ እህቱ ራሷን ሳተች። ዓርብ አረፈች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ራሱ ቤት ሄዶ፣ ጓዳ ገብቶ ጊታሩን ታቀፈ። ልቅሶ ቤት ጎን ጊታር አይመታም ብሎ ክሩን ሳይመታ ግራ እጁን ብቻ ማዘለል ያዘ። ዘለለ፣ ሳተ፤ ዘለለ፣ ሳተ። ላቡ ክሩን አረጠበው። ቁጥሩ ከጠፋው በኋላ እንግዳ መጣ ብለው ጠሩት።

እንግዳዋ መንታ ልጆቿን ግራና ቀኝ ያስቀመጠች ወጣት እናት ናት። አልቅሳ ስታበቃ ፈገግ ብላ ማውራት ጀመረች።

«ሁለቱንም ያዋለደችኝ እሷ ናት። ምጡ ሲፋፋም ትዘፍንልኝ ነበር። ድምፅዋማ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዘይት ያልነካው በር ነበር!»

ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። ውሸት አልነበረም፤ እህቱ ስትዘፍን ድመት ቤት ትለቅ ነበር። እሷ ግን ደንታም አልነበራት፤ በመንገድም በገበያም ታንጎራጉራለች።

«ዘፈኑ ግን ደስ ይላል» አለች ወጣቷ። «ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም። መሃሉ ላይ ቀጥ ትልና ‹አሁን ተንፍሺ!› ትለኛለች። ስተነፍስ ደግሞ ትቀጥላለች። ለሁላችንም እንዲያ ነው የምታደርገው፤ ነርሶቹም ከእሷ ተምረውታል።» ከዚያም ዝግ ባለ ድምፅ አዜመችው።

የሱ ዜማ ነበረች። ያችው ራሷ፤ የምትቆመውም እዚያችው ቦታ ላይ።

ውኃ የሚያመጣ መስሎ ወጣና ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል። እሱን ግን እፍረት ከእግር እስከ ራሱ አቃጠለው። ተሰምቷል ማለት ነው! ስንት ዓመት ሙሉ፣ ያቺ ስህተት በግድግዳው አልፋ፣ ሆስፒታል ገብታ፣ ስንቱ ሰው አፍ ላይ ውላለች!

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቁርጡን ሊናገር ወጥ ቤት ገባ። አማቹ ብቻውን ብርጭቆ ያጥባል።

«አልችልም» አለው። «ሴቶቹ ሲመጡ አሞታል በልልኝ።»

አማቹ ሌላ ብርጭቆ አነሣ።

«ረቡዕ ለት… ሆስፒታሉ በር ላይ። አይተኸኝ ነበር አይደል?»

«አይቼሃለሁ።»

«ነገርካት?»

«ምኑን እነግራታለሁ? አብረን እኮ ነው ያየንህ። አልጋዋ መስኮቱ ሥር አልነበር? ትራስ ደርቤላት ቀና ብላ ነበር።»

መነጽር ሠሪው የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጫፍ ያዘ። «ምን አለች?»

አማቹ ቧንቧውን ዘጋ። «‹እስከ በሩ መጣ!› አለች። እየሳቀች። ‹አየኸው? እስከ በሩ እኮ መጣ!› ለገባው ሐኪም ሁሉ ስትናገር ዋለች።»

«አልከፋትም?»

«ከፍቷታል እንጂ፤ አልዋሽህም። መስማት ፈልጋ ነበር።» እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «የተቆጣችው ግን እኔን ነው። ‹ምን ይገትርሃል፤ ሮጠህ ውረድና ይዘኸው ና!› አለችኝ። ከሌሊት ጀምሮ ስነዳ ስለነበር ደክሞኝ ነበር፤ ‹ተይው፣ ነገ ራሱ ይመጣል› አልኳት። ያንን ይዤ ምን ብዬ ፊትህን ልይ? ሦስት ቀን ሙሉ የሸሸሁህ ለዚያ ነው።»

መነጽር ሠሪው ፎጣ አንሥቶ የታጠቡትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ማድረቅ ጀመረ። ሲጨርስ ጊታሩን ሊያመጣ ወደ ጓዳው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት ሴቶች መጡ። አንዳንዶቹ ነጭ ጋውናቸውን እንኳ አላወለቁም። መነጽር ሠሪው መሃል ላይ ተቀመጠ። ክሮቹን ቃኘ፤ አንዷ በትክክል እንዳልገባች እያወቀ ተዋት። ከልቡ ምት ጋር ፈጥኖ ጀመረ፤ ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያቺ ቦታ ስትደርስ እጁ ዘለለ፤ እንደ ወትሮውም ሳተ።

ቆመ። ሳሎኑ ጭር አለ።

በዚያ ጭርታ ውስጥ ዋና አዋላጇ በረጅሙ ትንፋሽ ሳበች። ከአጠገቧ ያለችው ተከተለች፤ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ልማዳቸው ነው። መነጽር ሠሪው ሰማቸው። እሱም ተነፈሰ፤ ቀጠለ።

የቀረውን አሳምሮ ተጫወተው አይባልም። ሁለት ቦታ የማይሆን ክር ነካ፤ አንዱን ሴቶቹም ልብ አሉት። ግን አላቋረጠም፤ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ሄደ። ሲያበቃ ማንም አላጨበጨበም። አንዷ ተንሰቀሰቀች። እሱ ሊነሣ ፈለገ፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን ክሩን ጨብጠው አልላቀቅ አሉት።

አማቹ ከጥግ ተነሥቶ መጣና ጎንበስ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀለት። ከዚያ አንድ መዳፉን ከጊታሩ አንገት ሥር፣ ሌላውን ከሆዱ ሥር ሰድዶ ቀስ ብሎ አነሣው። የሚያስቀምጥበት ቦታ ፍለጋ ግራ ቀኝ አየ። በመጨረሻ ወደ ወንበሩ ተመለሰና፣ የጊታሩን አንገት እንደ አራስ ልጅ በክንዱ ደግፎ፣ ታቅፎት ተቀመጠ።