የመሃሉ ሰው እንግዳ

ሰው የሚመስለው እኛ ተጫዋቾች የሚደክመን በጨዋታው ወራት ነው። ተሳስቷል። በጨዋታው ወራትማ ቢያንስ የሚመታህን ሰው ፊት ለፊት ታየዋለህ። የሚያደክመው ጥር ነው፤ ሜዳው ባዶ፣ ቢሮው ሙሉ የሚሆንበት ወር። በጥር የዝውውሩ በር ይከፈታል። መልቀቅ የፈለገ ተጫዋች ስሙን አስመዝግቦ ይወጣል፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል፤ በሩ ሲዘጋ ውስጥ የተገኘ ለዓመቱ እዚያው ቀረ ማለት ነው። መስከረም ላይ ስሙን በመከራ ያጠናሁት ልጅ፣ ጥር ላይ ስመጣ ቁም ሳጥኑ ባዶ ነው። አሁን አሁንማ ስም ማጥናቱንም ትቼዋለሁ። ሁሉንም «ወንድሜ» እላለሁ፤ ማንም አልተቀየመኝም።

ዌንደል እባላለሁ። በአሜሪካ ፉትቦል መሃል ነው የምጫወተው። ጎንበስ ብዬ ያቺን ሞላላ ኳስ በእግሮቼ መካከል ወደ ኋላ አቀብላለሁ፤ ቀና ከማለቴ መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ይወድቅብኛል። ቴሌቪዥን ላይ ስሜ የሚጠራው ስሳሳት ብቻ ነው። ቢሆንም አላባማ ውስጥ መሃል መጫወት እንደ ሹመት ነው። እናቴ የኔን ቁጥር ለብሳ ትዞራለች፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይቀር ሰው አስቁማ «ኳሱ ከልጄ እጅ ካልወጣ ጨዋታ የለም» ትላለች። የሚቀረኝ አንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ዓለም። ያቺን አንድ ዓመት እፈልጋት ነበር።

ሁለተኛው ሥራዬ እንግዳ መቀበል ነው። ሊፈርም የሚችል ልጅ ዩኒቨርሲቲውን ሊያይ ሲመጣ ከተጫዋቾቹ አንዱ ይመደብለታል። ያበላዋል፣ ያዞረዋል፣ አሰልጣኞቹ ዘወር ሲሉ ደግሞ እውነተኛውን ጥያቄ ይመልስለታል። ለኔ የሚሰጡኝ እናቱን ይዞ የሚመጣውን ነው፤ ምክንያቱም አልዋሽም። መኝታ ቤቱ ይሸታል ወይ ካሉኝ፣ ይሸታል። ዋናው አሰልጣኝ ይጮኻል ወይ ካሉኝ፣ አዎ ይጮኻል፣ ግን እናት አይሳደብም። እናቶች ይህን ሲሰሙ ልባቸው ያርፋል፣ ልጆቹም ይፈርማሉ። ዋናው አሰልጣኝ «ይሄ ልጅ እውነት እየተናገረ ስንቱን አመጣልኝ» ይላል አሉ።

ስለ ጉልበቴ ካልሆነ በቀር አልዋሽም ማለቴ ነው። ጉልበቴ ከጥቅምት ወዲህ የኔ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሎሚ አክሎ አብጦ አገኘዋለሁ፤ አይ፣ ሎሚ እንኳ አይገልጸውም፣ ብርቱካን ነው። ደረጃ የምወርደው በጎኔ ነው። የቡድኑ ሐኪም ሲጠይቀኝ እየዘለልኩ አሳየዋለሁ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግድግዳውን እይዛለሁ።

ሐሙስ ዕለት ኮች ፐርቪስ መጣ። መሃልና ጎን የምንቆመውን የፊት መስመር የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ከመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲዬ አስኮብልሎ ያመጣኝም፣ እናቴ ቤት ተቀምጦ ሁለት ሳህን ዶሮ የበላውም እሱ ነው። እግሬን በረዶ ውስጥ ነክሬ አገኘኝ።

«አሁንም ያ ጉልበት?» አለኝ።

«ብርዱ ነው፣ ኮች።»

«ቅዳሜ እንግዳ አለህ። ሌንደን ይባላል፣ ከኬንታኪ ነው። ከእናቱ ጋር ይመጣል። በቀኝ በኩል ጎንህ የሚቆም ልጅ ነው።»

«ጎበዝ ነው?»

«በሬ በለው።»

«ባለፈው የመጣውንም በሬ ብለውኝ ጥጃ ነው ያገኘሁት።»

ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ወደ በረዶው ነበር የሚያየው። «በሩ ሰኞ ይዘጋል። አንተ የትም አትሄድም አይደል፣ ልጄ?»

«የት እሄዳለሁ፣ ኮች?»

«ጎሽ» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎ ወጣ። እኔም ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ ጎኔ ላይ እንደ ተከፈተ መስኮት ነፋስ ሲገባ ነው የኖርኩት፤ አሁን የሚደግፈኝ ሰው መጣ አልኩ።

ቅዳሜ እንግዶቼ መጡ፤ ኮች ፐርቪስ ሲያስተዋውቀን ስሜን እንጂ የት እንደምጫወት አልነገራቸውም። ሌንደን ጉንጩ የቀላ፣ ሁሉም ነገር የሚያስቀው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ግንድ ነው። እናቱ ሚስ ዳርላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናቸው፤ አጭር፣ ሰው ሲያናግራቸው ዓይኑን እንጂ አፉን የማያዩ ሴት። መጀመሪያ የሄድነው ወደ ፎቶው ክፍል ነው። እንግዳ ሲመጣ የኛን ማሊያ አልብሰው፣ መብራት አብርተው፣ ጭስ ለቀው ያነሱታል፤ ያንን ፎቶ አይቶ ያልፈረመ ጥቂት ነው። ኮች ፐርቪስም ነበረ።

«እንደምትጫወተው ሆነህ ቁም» አለው ፎቶ አንሺው።

ልጁ ጎንበስ አለ። ኳሷን ከመሬት ይዞ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ላካት። ከኋላው መብራት ይዞ የቆመው ሰው እጁን እንኳ ማንሳት አላስፈለገውም፤ ኳሷ ደረቱ ላይ ሄዳ ተኛችለት። ጎን የሚጫወት ሰው ኳስ አይነካም። ይህ ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሲሠራ አልኖረም። እንዲህ ያለ አላላክ ካየሁ ቆይቻለሁ፤ ከራሴ እጅም ከወጣ ቆይቷል። ከልቤ አደነቅኩት።

ዞሬ ኮች ፐርቪስን አየሁት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እያወራ ወጣ። ስልኩ ሲጠራ ግን አልሰማሁም።

ነገሩ አንድ በአንድ ገባኝ። ልጁ ጎኔ ሊቆም አልመጣም፤ ቦታዬ ላይ ሊቆም ነው የመጣው። ይህን የሚነግሩኝ ደግሞ ማክሰኞ ነው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፤ ያኔ የትም መሄድ ስለማልችል ተጠባባቂ አድርገው ያስቀምጡኛል። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይባላል። የኛው ጅብ ማመካኘቱንም ለማክሰኞ ቀጥሮታል። እኔ ደግሞ ሊበላኝ የመጣውን ሰው ምሳ ልጋብዘው መኪና እያስነሳሁ ነበር።

መንገድ ላይ ሌንደን ሲያወራ አልሰማሁትም። ሁለት ነገር ነበር የማስበው። አንደኛው፣ ልጁን ማስበርገግ። ቀላል ነው፤ መሃል የሚጫወተው ሰው ጤነኛ ነው፣ የትም አይሄድም ብል ጉዳዩ አለቀ። ሁለተኛው፣ እስከ ሰኞ ስሜን አስመዝግቤ፣ ጉልበቴን አይቶ የማያውቅ ዩኒቨርሲቲ ፈልጌ መጥፋት። በሁለቱም መንገድ ያቺ አንድ ዓመት ትተርፈኛለች። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን እንቅልፍ ነው የመጣብኝ።

ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው የጎድን ጥብስ ቤት ተቀመጥን። የአሳማ ጎድን፣ የበቆሎ ዳቦ፣ በረዶ የሞላው ጣፋጭ ሻይ መጣ።

«ብላ፣ ልጄ። ሳትበላ አልጠይቅህም» አሉኝ ሚስ ዳርላ፤ አስተናጋጁ እሳቸው እንጂ እኔ አልመስልም።

«እማ፣ ይሄ የበቆሎ ዳቦ ካንቺ ይበልጣል» አለ ሌንደን።

«እንግዲያው እዚሁ ቅርና ይጋግሩልህ፤ የመኪናው ቁልፍ እኔ ጋ ነው።»

በላን። ሚስ ዳርላ እጃቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ሦስተኛ ቦታችን ነው። ሁሉም ጎድን አበላን፣ ሁሉም ቤተሰብ ነን አለን። ቤተሰብ በዛብኝ፣ ልጄ። አንተ ግን አትዋሽም ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጠይቅህ?»

«ይጠይቁኝ፣ እሜቴ።»

«አሰልጣኛችሁ፣ መሃል የሚጫወተው ልጅ ጉልበቱ አልቋል፣ ራሱም ሊተው ወስኗል አሉን። እውነት ነው?»

«ሽማግሌ ነው አሉን እኮ» አለ ሌንደን አፉን እንደሞላ።

«ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው» አልኩት።

«ይኸው፣ አላልኩም?»

«አንተ ዝም በል» አሉት እናቱ። «ሊተው ወስኗል?»

«አልወሰነም፣ እሜቴ። ማንም አልጠየቀውም።»

ሌንደን ጎድኑን ሳህን ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ሁሉ ሄደ። «በቃ እንሂድ፣ እማ። ባለፈው ዓመት እኔን እንዲህ ነው ያደረጉኝ። የኔን ቦታ ለሌላ ሰጥተው፣ እኔ ያወቅሁት ከሁሉም በኋላ ነው። የሰው ቦታ ነጥቄ አልጫወትም።»

ቦታዬ ተመለሰልኝ። እውነት ነው የተናገርኩት፣ አንዲትም ውሸት አልጨመርኩም። ከዚህ በኋላ ከእኔ የሚጠበቀው ሻዬን መጠጣት ብቻ ነበር። ጠጣሁም።

ሚስ ዳርላ ግን አልተነሱም። «ጉልበቱስ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለች ጥያቄ ለሐኪሙ ስንት ጊዜ መልሻለሁ! አፌ ለምዶታል፤ ብርድ ነው፣ ወለምታ ነው፣ ደህና ነኝ። ሴትዮዋ ግን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ፣ እኔም እንደዚያን ቀን ደክሞኝ አያውቅም። ውሸት እኮ ጉልበት ይፈልጋል።

«አልቋል» አልኩ። «ደረጃ መውረድ አይችልም። አጎንብሶ ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል። በመድኃኒት ነው የሚቆመው። መስከረምን ይጀምር ይሆናል፤ ጥቅምትን ግን አያይም።» ስናገረው የሌላ ሰው ወሬ መሰለኝ። ሰምቼው ስለማላውቅ አዲስ ነበር የሆነብኝ።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሐኪሙ አያውቅም። ኮች ይጠረጥራል እንጂ ማንም አያውቅም።»

ሚስ ዳርላ ኩባያቸውን አስቀመጡ። «ማንም ካላወቀ፣ አንተ በምን አወቅህ?»

እጄ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ጉልበቴ ሄደ። ሌንደን አንዴ እናቱን አንዴ እኔን ያያል። «ምንድን ነው?» አለ።

«ሄደህ ሻይ አስሞላ» አሉት።

«የኔ አላለቀም እኮ።»

«የሁላችንንም ውሰድ። ተነስ።»

ልጁ ሦስቱን ኩባያ አቅፎ ሄደ። እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ እሜቴ። ይህን ብነግራት ትሞትብኛለች። በኔ ኳስ ነው የምትኖረው።»

«ደውልላት።»

«ሰኞ፣ በሩ ሲዘጋ...»

«አሁን። ከእኔ ይልቅ መጀመሪያ እሷ መስማት ነበረባት። ባዕድ ሴት ምሳ በልታ የሰማችውን እናትህ ሳትሰማ አትደር።»

ሌንደን ተመልሶ ኩባያዎቹን ደረደረ። «ምን አመለጠኝ?»

«ምንም። ፈርም» አልኩት። «ጠዋት ኳሷን ስትልካት አይቻለሁ። እዚህ እንዳንተ የሚልካት የለም።»

«ያ ሰውዬስ?»

«ራሱ ነው ፈርም ያለህ።»

ነገሩ ሲገባው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ የራሱን የበቆሎ ዳቦ አንስቶ ሳህኔ ላይ አኖረልኝ። ብዙ ሰው አስተናግጃለሁ፤ ያስተናገደኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ጠረጴዛውን ተደግፌ ተነሳሁ። ማስመሰል ቀርቷልና በእውነተኛው አረማመዴ፣ እያነከስኩ ወጣሁ።

መኪናው ጋ ቆሜ ደወልኩ።

«ምነው? ቅዳሜ አይደለም እንዴ? እንግዳ የለህም?» አለች እናቴ።

«አለኝ። እማ፣ ጉልበቴ አልቋል። ደብቄሽ ነው። ከእንግዲህ አልጫወትም።»

 ቴሌቪዥኗ ከኋላ ይሰማኛል፤ ከዚያ አጠፋችው። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት «ኢየሱስ ተመስገን» አለች።  «ኢየሱስ፣ ተመስገን፣ ተመስገን።»

የሰማችኝ አልመሰለኝም። «እማ፣ አልጫወትም ነው እኮ የምልሽ።»

«ሰምቻለሁ፣ የኔ ልጅ። ኳሷን ልትልክ ስታጎነብስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከሕፃንነትህ ጀምሮ። ሰዉ ሲጮህ ነው የምገልጠው፤ ተነስተህ እንደሆነ ለማየት። አንድም ቀን ስትጫወት አይቼህ አላውቅም።»

መኪናውን ተደገፍኩ። ተናደድኩባት፤ ማንም ላይ፣ ኮች ፐርቪስ ላይ እንኳ እንደዚያ አልተናደድኩም። የዚያን ሁሉ ዓመት ድካም አንድ ሰው ያየልኛል ብዬ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተን ደስ ይልሃላ» አለች።

እኔ ደግሞ እሷን ደስ ይላታል ብዬ ነበር።