የፒያኖ ቃኚው ሚስት ዘፈን

የፒያኖ ቃኚ ሰው ጆሮው የእንጀራ ገመዱ ነው። ይኼኛውማ አበዛው! ቀኑን ሙሉ በየሰው ቤት የፒያኖ ሽቦ ሲያጠብቅና ሲያላላ ውሎ ሲገባ ሳህን እንኳ እንዲንኳኳበት አይፈልግም። ሚስቱ ወጥ ቤት ሆና ማንጎራጎር ስትጀምር «ኧረ በናትሽ፣ ጆሮዬን አሳርፊልኝ!» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አላት። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ደክሞት ነው።

ባለፈው ወር ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ እጇም አንደበቷም ተያዘ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ በሙዚቃ የምታክም አንዲት የውጭ አገር ሴት መጣች። ቋንቋውን ትሰባብረዋለች፣ ነገሯ ግን ግልጽ ነው።

«በእኛ አገር ሰው ሲታመም ጎረቤት ተሰብስቦ ይዘፍንለታል» አለችው። «እዚህ ሆስፒታል ደግሞ እኔ አለሁ። መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ የሚወደውን ዘፈን ከነቃሉ ይዘፍናል። ቃሉ አንዴ ከወጣ ቀስ በቀስ ወደ ንግግር እናመጣዋለን። ባለቤትዎ የሚወዱት ዘፈን የቱ ነው?»

 ቃኚው የፒያኖን የሰማንያ ስምንቱን ቁልፍ ድምፅ ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል፤ የሚስቱን ዘፈን ግን አያውቅም። እስቲ ፍረዱ!

እያፈረ ለልጁ ደወለ።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ አንተ ከወጣህ ጀምሮ ስትዘፍን ነበር የምትውለው» አለችው። «ኮቴህን ስትሰማ ነው የምታቆመው። አታውቅም እንዴ?»

«እንግዲያው ነገ መጥተሽ ዝፈኚላት» አላት።

በማግስቱ ልጅቷ መጣች። እሱ መድኃኒት ገዝቶ ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሁለት ድምፅ ሰማ። አንደኛው የሚስቱ ነው። ከቅኝት ወጣ ብሏል፤ ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነው። «ጠብቀኝ» ትላለች፣ «እመጣለሁ» ትላለች። ወር ሙሉ «እህ» ያላለች ሴት! መድኃኒቱን እንደያዘ ሮጦ በሩን በረገደው።

አየችው፣ ዝም አለች።

«ቀጥዪ እንጂ የኔ እመቤት! ምን ሆንሽ?»

ልጅቷ ዘፈኑን ከመጀመሪያው አነሳችላት። የሙዚቃ ሐኪሟም የራሷን ጭን እየመታች ምት ሰጠቻት። ወይ ፍንክች! ቃኚው አልጋው ሥር ተንበረከከ፣ ዕንባው መጣ።

«ጆሮዬ ይደፈን! ዝፈኚ፣ በሞቴ ዝፈኚ!»

ሚስቱ ዓይን ዓይኑን እያየች በደህናው እጇ የገዛ አፏን ከደነች። ተቀይማው አልነበረም። ደክሞት ለገባው ባሏ አዝና ነው።

ሐኪሟ ትከሻውን ነካ አደረገችው። «ይቅርታ አባት፣ እዚህ እያሉ አይሆንም። ከዛሬ ጀምሮ ስንሠራ ውጭ ይሁኑልን።»

ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ ዘፈኑ ቀጠለ። ሳል መጣበት። እንዳትሰማው ብሎ ኮቱን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ።