የሸዕባን ሰደቃና ፍሬን የለሿ ብስክሌት

ዳንግላ ውስጥ ሸዕባንን የማያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እሱ እጅ ያልገባ ብስክሌት ግን የለም። ሸዕባን ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ነው። ልቡን የሚሰርቀው ግን መለጠፉ ሳይሆን መፍታቱ ነው። የተዘጋ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሬዲዮ ፈትቷል፣ የግድግዳ ሰዓት ፈትቷል፣ የጎረቤቱን ሚዛን ፈትቶ መግጠም አቅቶት ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። ሚስቱ ፋጤ፣ «የሰው ሆድ ብሎን ቢኖረው እኮ እኔንም ፈትተኸኝ ነበር» ትለዋለች።

ሌላም ልማድ አለው። ጁምዓ ጁምዓ፣ ወደ መስጊድ ከመሄዱ በፊት በእጁ የሚያልፍ ብስክሌት ሁሉ ባለቤቱ ያልጠየቀው አንድ ነገር ይሠራለታል። አንዱ የላላ የጎማ ሽቦ ይጠብቅለታል፣ የሌላው ሰንሰለት ዘይት ይጠጣል፣ የሌላው ያረጀ ብሎን በአዲስ ይለወጣል። ሰደቃው ነው። ሰደቃ ደግሞ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራ እጅ እንኳ ማወቅ የለበትም ብለው አባቱ አሳድገውታልና ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ባለ ብስክሌቱ ምንም ሳያውቅ ፔዳሉን ረግጦ ሲሄድ ከኋላው እያየ ለብቻው ደስ ይለዋል። በሳምንቱ ውስጥ ከዚያች ሰዓት የበለጠ የሚወዳት የለችም።

ነገሩ የሆነው እንጅባራ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ሲሠራ በነበረበት ዘመን ነው። አንድ ጁምዓ ረፋድ ላይ ከእንጅባራ የመጣ ሚኒባስ ሱቁ ፊት ለፊት ቆመና ረዳቱ ከጣሪያው ላይ አንዲት ብስክሌት አወረደ። ሸዕባን ማስቲሽ የነካካውን እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ። የፊቷ ቸርኬ ቀይ፣ የኋላዋ ነጭ። የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ የላትም፣ የዕቃ መጫኛ የላትም፣ ደወል የላትም፣ ፍሬን የላትም። ሥጋዋ ተገፍፎ አጥንቷ ብቻ የቀረ ነው የምትመስለው።

ተከትሏት የወረደው ወጣት ሰውነት ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ለሕንፃው ሥራ እንጅባራ የከረመ አርክቴክት። ጢሙ በዘይት የተወለወለ፣ የሱሪው አንድ እግር ብቻ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የተጠቀለለ።

«ጋሼ፣ የኋላው ጎማ ተንፍሶብኛል። ቶሎ ይደርስልኝ ይሆን?»

«ጎማውስ ይደርሳል። ምነው ልጄ፣ ሌቦች አገኙህ እንዴ?»

«የምን ሌቦች?»

«ዕቃው ሁሉ የታለ? ፍሬኑ የታለ?»

ሰውነት ከልቡ ሳቀ። «እንዲህ ሆና ነው የተሠራችው። እኔ ራሴ መርጬ ነው ያስመጣኋት።»

ከዚያ ሸዕባን በርጩማ ስቦ ይጠይቀው ጀመር፤ ሰውነትም መጠየቁን ወደደው። እንዲህ ያሉትን ብስክሌቶች በፈረንጅ አገር ትልልቅ ከተሞች መጀመሪያ ይነዷቸው የነበሩት በየቢሮው ደብዳቤ የሚያደርሱ ሰዎች ናቸው አለው። ኋላ ለየት ማለት የሚወዱ ወጣቶች ያዟቸው፤ ጢም የሚያሳድጉ፣ ቡናቸውን እየመረጡ የሚጠጡ፣ የድሮ ልብስ በአዲስ ልብስ ዋጋ የሚገዙ። አሁን አዲስ አበባም ጥቂት ልጆች አሉ፤ እሑድ ጠዋት ተሰብስበው ይነዳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ኢንስታግራም ላይ ይለጥፋሉ።

«በምን ይሆን ከሌላው የምትበልጠው?» ሸዕባን ዓይኑን ከብስክሌቷ አልነቀለም።

«ምንም ስለሌላት ነዋ የምትበልጠው! ደግሞም ስሜቱ ነው ጋሼ። እሷና እኔ አንድ አካል ነን። እግሬ የሚለውን ትሰማለች።» ሌላም ሊጨምር ነበር፤ ስልኩ ጠራ። የሥራ ባልደረባው ዮዲት ናት፤ ከከተማው መውጫ ካለው ቁልቁለት ግርጌ፣ ድልድዩ ጋ ደርሳ፣ ሲወርድ ቪዲዮ ልትቀርጸው እየጠበቀች ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥበት ጊዜ ሰውነት «መጣሁ» ብሎ ስልኩን ከፍ እያደረገ ወደ ማዶ ተሻገረ።

ሸዕባን ግራ ገባው። ሰው ሲያገኝ ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል እንዴ? በእሱ ዘመን ፍሬን የሌለው ብስክሌት የሚነዳው ፍሬን መግዣ ያጣ ነው። ፍሬን ማጣቱ እንኳ ያን ያህል አላስጨነቀውም። ዳንግላ ውስጥ በሰዓት ከሚከራዩት ብስክሌቶች ግማሹ ፍሬን የላቸውም፤ ልጆቹ የጫማቸውን ሶል የኋላ ጎማ ላይ ጫን አድርገው ነው የሚያቆሙት። የአዲስ አበባው ልጅም እንደዚያው ያደርጋል ብሎ አሰበ።

ጎማውን ለጥፎ መልሶ ከገጠመ በኋላ እንደ ልማዱ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዞረው። ጎማውም ወደ ኋላ ዞረ። ጎማውን ወደ ፊት ገፋው፤ ፔዳሉ አብሮት ተሽከረከረ። ደግሞ ሞከረው። ያው ነው።

«ወይ አንተ ምስኪን ልጅ!» አለ ድምፁን አውጥቶ። ሰንሰለቱ የሚዞርበት የኋላው ጥርስ ተጣብቋል። ጤነኛ ብስክሌት ላይ እግር ሲያርፍ ጎማው ለብቻው ይነጉዳል፤ የዚህች ግን ጎማው እስካልቆመ ፔዳሉም አይቆምም። ይህ ልጅ ቁልቁለት ላይ እንኳ እግሩን አሳርፎ አያውቅም ማለት ነው! በዚያ ላይ ጉድለቱን ሳያውቅ «አንድ አካል ነን» ይላል። ቀኑ ደግሞ ጁምዓ ነው።

ለራሱ ብስክሌት ያስቀመጠው፣ በደንብ የሚለቅ፣ ያልተነካ ጥርስ ነበረው። ከሣጥኑ አወጣው። አሮጌውን ሊፈታ ሲል፣ ጥርሱን ቆልፎ የያዘው ቀለበት እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ አልፈታ አለው፤ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ተፈታ። «አጃኢብ ነው!» አለና ተደነቀ፤ ቢሆንም ሰውነት ሳይመለስ መጨረስ ነበረበትና ብዙ አልመረመረውም። አዲሱ ልክ ገባ። ጎማውን ሲያዞረው ጥርርር እያለ ለብቻው ሄደ፤ ፔዳሉ ዝም ብሎ ቆመ። አሮጌውን ጥርስ ዝገቱ ይለቅ ብሎ ጋዝ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣለው።

ሰውነት ተመልሶ የልጠፋውን ከፈለ፣ አመሰገነ፣ ጭቃው ቸርኬዋን እንዳያበላሽበት ብስክሌቷን እንደ ቀላል ነገር ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ቁልቁለቱ አፋፍ ሄደ። ሸዕባን ከኋላው እያየ ፈገግ አለ። ዛሬ የሰጠው ብሎን አይደለም፤ እግር ማሳረፍ ነው የሰጠው። እንዲህ ያለ ሰደቃ ሰጥቶ አያውቅም።

ተመልሶ ተቀመጠና ያንን ጥርስ ከጋዙ አወጣው። ይፈታው ዘንድ እጁን በላው። በጨርቅ ወለወለው፣ ወደ ብርሃን ያዘው። ዝገት የለውም። የሚፈታም ነገር የለውም። ሌሎቹ ጥርሶች ውስጣቸው ኩሽኔታ አለ፣ ምላስ አለ፣ ስፕሪንግ አለ፤ ይኼ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ብረት ነው። አልታመመም። እንዲሁ ነው የተሠራው።

ለምን? አንድ ሰው ተቀምጦ፣ አስቦ፣ የማይለቅ ጥርስ ለምን ይሠራል? ያውም ወደ ኋላ ሲገፉት እንዳይፈታ በተቃራኒ የሚጠብቅ ቀለበት አድርጎለት? ሸዕባን ብረቱን በመዳፉ እያገላበጠ ቆየ። ወደ ኋላ ሲገፉት። ማን ነው ወደ ኋላ የሚገፋው? እግር ነዋ። እግር ወደ ኋላ ሲገፋ ጎማው ምን ይሆናል?

ይቆማል።

«ያ ረቢ!» ብሎ ተነሣ። በርጩማው ተገለበጠ፣ ጣሳው ተደፋ። ፍሬኑን ነው የፈታሁበት! ፍሬኑን ፈትቼ ወደ ቁልቁለት ሰደድኩት!

የጋሪው ባለቤት አበረ ከሱቁ አጠገብ ፈረሱን እያበላ ነበር። ሸዕባን ዘሎ ጋሪው ላይ ወጣ። «ወደ ድልድዩ! አበረ፣ የአላህ ያለህ፣ ወደ ድልድዩ!»

«ምነው አያ ሸዕባን፣ ማን ሞተ?»

«ሊሞት ነው! ንዳ!»

ጋሪ ጎታች ብትሆንም የአገው ፈረስ ናት፤ አንድ ጊዜ ስትነካ ገለባዋን ትታ ተፈተለከች። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሰውነት ቁልቁለቱን ይዞታል። ታች ድልድዩ ላይ እህል የጫኑ አህዮች፣ ባጃጆች፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ተጨናንቀዋል። ሸዕባን ከሩቅ አየው፤ ልጁ እግሩን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ፔዳሉ በባዶው ይሽከረከራል፣ ደግሞ ይገፋል። ብስክሌቷ መስማት አቁማለች።

«ጫማህን!» ብሎ ጮኸ። «ጫማህን የኋላ ጎማው ላይ!»

የእሱ ድምፅ የት ይደርሳል። አበረ ግን ከሸንተረር ሸንተረር ሲጣራ ያደገ ሰው ነው፤ በአማርኛም በአገውኛም አንባረቀው። መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡት ሴቶች ሰሙ። ዳንግላ ውስጥ ይህንን ፍሬን የማያውቅ ማን አለ? ሁሉም ተነሥተው ተቀባበሉት። «ጫማህን! ጎማው ላይ! ጫማህን!» ቁልቁለቱ በሙሉ ስለ ጫማ ጮኸ።

ሰውነት በመጨረሻ ሰማ። አንድ እግሩን ከፔዳሉ አላቆ ሶሉን ጎማው ላይ ጫነ። ጭስ ወጣ፣ ብስክሌቷ ተወላገደች፣ ፍጥነቷ ቀነሰ፤ አህዮቹ ጋ ሳይደርስ ወደ ዳር ታጠፈና ሳማ የበቀለበት ቦይ ውስጥ ወደቀ።

ሲደርሱ ተቀምጧል። የእጁ አንጓ አብጧል፣ ፊቱን ሳማ ለብልቦታል፣ የአንድ ጫማው ሶል የለም። ዮዲት ስልኳን እንደያዘች አጠገቡ ታለቅሳለች። ሰው ተሰበሰበ።

«ሸዕባን ባይደርስ ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ነበርን!» አሉ አንዲት ባልቴት። «ዕድሜ ይስጥህ!» ሌላውም ተቀበለ። ሸዕባን የሚገባበት ጠፋው።

ሰውነት በደህና እጁ የሸዕባንን እጅ ያዘ። «ሕይወቴን አተረፉልኝ፣ ጋሼ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። እግሬ ከዳኝ። ከእንግዲህ እሷ ላይ መውጣት የምችል አይመስለኝም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማንም አላየም። ልጁም ፍሬን የለሿን ትቶ በሰላም ይኖራል፤ ምናልባት ለእሱም ይሻለው ይሆናል። ሸዕባን ይህን ሁሉ አሰበ። ነገር ግን ሰውነት እግሮቹን የሌላ ሰው እግሮች ይመስል ትኩር ብሎ ሲያያቸው አላስቻለውም።

«እግርህ አልከዳህም» አለ። ያንን ወጥ ብረት ከኪሱ አወጣ። «እኔ ነኝ። የተጣበቀ መስሎኝ ቀየርኩብህ።»

አበረ፣ «ቅንድብ ሊያበጁ ዓይን ማጥፋት» ብሎ አጉረመረመ።

የሰውነት ፊት ቀላ፤ ከሳማው የባሰ። «ፍሬኔን ፈትተው ቁልቁለት ላይ ለቀቁኝ? ሳይነግሩኝ?»

«ሰደቃ ነበር፣ ልጄ። ሰደቃ አይነገርም።»

«መጠየቅስ? ሰደቃ አይጠየቅም እንዴ? ‹ይኼ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?› ማለት ምን ያስከፍልዎ ነበር?»

ሸዕባን የያዘውን ብረት አየ። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲጠይቅ ኖሯል፤ ሬዲዮውን፣ ሰዓቱን፣ ሚዛኑን። ከመፍታቱ በፊት ባለቤቱን ግን ጠይቆ አያውቅም። አፈረ፤ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

ሰውነት ቁጣው ሲበርድለት ሌላ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ የማወቅ ፍላጎት። «ከኔ ሌላ ስንት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተዋል?»

ሸዕባን ጁምዓዎቹን ሊያስብ ሞከረ፤ መቼ ተቆጥረው! በዚያው ቅጽበት እንየው የሚባሉ ገበሬ የብስክሌታቸው መጫኛ ላይ የዱቄት ከረጢት ጭነው፣ ዳገቱን እየገፉ ግርግሩን ለማየት ቆም አሉ። ያለፈው ጁምዓ በእጁ ያለፉ ደንበኛው ናቸው። ሸዕባን ሰዉን ገፈታትሮ ሄዶ የብስክሌታቸውን መሪ ያዘ።

«አያ እንየው፣ ላንቱ የምነግርዎ አለኝ። ያለፈው ጁምዓ ሳልነግርዎ ብስክሌትዎ ላይ የሠራሁት ነገር አለ።»

«ኮርቻውን ከፍ ማድረግህን ነው?» አሉ እንየው፣ ምንም ሳይገርማቸው። «አውቃለሁ። በመጣሁ ቁጥር ከፍ ታደርግልኛለህ። እግሬ አይደርስም እኮ፣ ሸዕባን። ከሱቅህ ራቅ ስል ወርጄ መልሼ ዝቅ አደርገዋለሁ።»

«ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ሳይነግሩኝ?»

እንየው ከረጢታቸውን አቀኑና እንደ ማፈር አሉ። «ደስ ብሎህ ከኋላዬ ስታየኝ፣ እንዴት ብዬ?»